ከክሉኒ ገዳም እስከ ቴዜ በእግር፦ የአንድ ቀን ጉዞ ደረጃ በደረጃ

ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቡርጎኝ በሚባለው ክልል ያለችውን የክሉኒን ከተማ አይቶ የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ብሎት ነው የሚያወራው። «በዓለም ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የነበረባት ከተማ» ሲባል ሰምቶ ይሄዳል። ሲደርስ የሚጠብቀው አንድ ረጅም ግንብ፣ ከትልቅ ሕንፃ የተረፈ አንድ ክንፍና ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ግማሽ ሰዓት ዞር ዞር ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ በመጣበት አውቶቡስ ይመለሳል።

እንደኔ ከሆነ ክሉኒ ትኬት ቆርጦ ብቻ የምትታይ ከተማ አይደለችም። ገዳሙ ፈርሷል፤ ገዳሙን ይመግበው የነበረው ገጠር ግን አለ። መነኮሳቱ በክፉ ቀን ሀብታቸውን የሚያሸሹበት ምሽግ፣ መሬቱን ያሳርሱበት የነበረው ሸለቆ፣ አበምኔቱ ዕረፍት የሚወጡበት ቤተ ጸሎት፣ ሁሉም በእግር ይደረስባቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ከተማዋን እናያለን፣ ከምሳ በኋላ በሸለቆው ወደ ሰሜን፣ የወንድሞች ማኅበር ወደሚኖርባት ወደ ቴዜ መንደር እንሄዳለን። ከዚህ በታች ያለው ሰዓትም ዓመትም ሁሉ በፈረንሳይ አቆጣጠር ነው፤ እዚያ የምትሄዱት የአውቶቡስ ሰሌዳ እያያችሁ ስለሆነ መደባለቁ አይጠቅምም።

ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ያህል ታሪክ

በ910 አካባቢ የአኪቴን መስፍን የነበረው ጊዮም (ቅጽል ስሙ «ጻድቁ») እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ርስቱን ለመነኮሳት ሰጠ። በስጦታው ደብዳቤ ላይ አንድ ከባድ ቃል ነበር፤ ማንም መስፍን፣ የአካባቢው ጳጳስም ቢሆን፣ በገዳሙ ላይ እንዳያዝ። የገዳሙ ጠባቂ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ብቻ ሆነ። ሁሉም ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ጌታ የሌለው ገዳም ርስቱን አይቀማም፣ አበምኔቱንም ራሱ ይመርጣል።

አበምኔቶቹ ደግሞ ዕድሜ ጠገቦች ነበሩ። ኦዲሎ ከ994 እስከ 1049፣ ሁግ ከ1049 እስከ 1109። ሁለት ሰዎች ብቻ 115 ዓመት! በዚህ ጊዜ በክሉኒ ሥር የገቡት ገዳማት በመላው አውሮፓ ከአንድ ሺህ በላይ ሆነው ነበር። ሁግ በ1088 ሦስተኛውንና ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመረ። የስፔኑ ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ ከሙስሊም ገዢዎች በግብር የሚሰበስበው ወርቅ ለግንባታው ትልቅ ድጋፍ ሆነ። በ1095 ዋናውን መንበር የባረከው ሊቀ ጳጳስ ኡርባን 2ኛ ነው፤ ሰውየው ራሱ ቀድሞ የክሉኒ መነኩሴ ነበር። ሕንፃው ሲያልቅ ርዝመቱ 187 ሜትር ደረሰ። ሮም ላይ አዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ድረስ በክርስቲያኑ ዓለም የሚበልጠው አልነበረም።

ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት መጣ። በ1790 ገዳሙ ተዘጋ። በ1798 ለነጋዴ ተሸጠ፤ ነጋዴው ደግሞ የገዛው ለድንጋዩ ነው። በባሩድ እያፈረሱ ድንጋዩን ለሃያ ዓመት ከበለጠ ጊዜ ቸበቸቡት። ዛሬ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የቀረው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም።

መቼ ይኬድ

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ ጥሩ ነው። ምርጫውን ለእኔ ብትተዉት ግንቦት መጨረሻ፣ ሰኔ ወይም መስከረም እላለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሰዉም ይበዛል።

ከቀኖቹ ቅዳሜ ይሻላል። ጠዋት ከተማው ውስጥ ገበያ አለ፤ የምሳችሁ ነገር እዚያው ያልቃል። ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። እሁድ ደግሞ አውቶቡሱ ጥቂት ስለሆነ ካመለጣችሁ አለቀላችሁ። ገዳሙ ጃንዋሪ 1፣ ሜይ 1፣ ኖቬምበር 1፣ ኖቬምበር 11 እና ዲሴምበር 25 አይከፈትም።

ከመስከረም እስከ የካቲት የአደን ወቅት ነው። መንገድ ዳር «ሻስ ኦን ኩር» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ፣ አደን ላይ ናቸው ማለት ነው። ከዋናው መንገድ አትውጡ፤ ደመቅ ያለ ልብስ ልበሱ። ቀልድ የለውም፣ በጥይት ነው የሚያድኑት።

እንዴት ይደረሳል

ክሉኒ ዛሬ ባቡር የላትም። መግቢያዋ ማኮን ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማኮን ሁለት ጣቢያ ስላላት ነው። ከፓሪሱ «ጋር ደ ሊዮን» ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር (ቴዤቬ) የምትመጡ «ማኮን ሎሼ» ትወርዳላችሁ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከሊዮን በክልል ባቡር የምትመጡ ከተማው መሃል «ማኮን ቪል» ትወርዳላችሁ። ሁለቱ ጣቢያዎች ተራርቀው ነው ያሉት። ትኬት ስትቆርጡ ስሙን በደንብ አንብቡ።

ከማኮን «ሞቢጎ» የሚባለው የክልሉ አውቶቡስ ይዟችሁ ይሄዳል። መስመሩ ማኮንን፣ ክሉኒን፣ ቴዜንና ሻሎንን ያገናኛል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠዋት ክሉኒ ያወረዳችሁ መስመር ማታ ከቴዜ ይመልሳችኋል። ስለዚህ መመለሻ መንገድ በእግር መሄድ የለም። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት ገና ስትነሱ ፎቶ አንሱት።

ምን ይያዝ

ተረከዙ የሚይዝ ስኒከር ይበቃል፤ የተራራ ጫማ አያስፈልግም። ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል። ስስ ጃኬት። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ እየመጣ ይሄዳል። የወረቀት ሰው ከሆናችሁ የፈረንሳይ ካርታ ተቋም (ኢዤኤን) 1 ለ25,000 የሆነውን የአካባቢውን ካርታ ግዙ፤ የበሬ ጋጣ ሳይቀር ያሳያል። ቧንቧ ስታዩ «ኦ ኖን ፖታብል» ከተባለ አይጠጣም። የድንገተኛ ስልክ 112።

ለጾመኛ አንድ ምክር። የፈረንሳይ ዳቦ ቤት ረቡዕና ዓርብ ያስቸግራል፤ ክሯሳኑም ብሪዮሹም ቅቤ ነው። «ባጌት ትራዲሲዮን» ብላችሁ ጠይቁ። በ1993 በወጣው ደንብ መሠረት ይህ ዳቦ ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው የሚጋገረው፣ ቅቤ አይነካውም። ከገበያው ቲማቲም፣ ለውዝና ፍራፍሬ ጨምሩበት። የማትጾሙ ከሆነ ደግሞ የአካባቢውን ትንሿን የፍየል አይብ «ማኮኔ»ን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ።

ጠዋት፦ የሌለውን ቤተ ክርስቲያን መለካት

*1. ከምዕራብ በር ጀምሩ።* ብዙ ሰው ግንቡን አይቶ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። እናንተ ግን ባራባን የሚባሉት የሁለቱ ግንቦች ጉቶ ጋ ሂዱና ደረጃው ላይ ቁሙ። እዚህ የትልቁ መግቢያ ፊት ነበር። አሁን ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ከቤቶቹ ጀርባ ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ ይታያችኋል። ከቆማችሁበት እስከዚያ ድረስና ከዚያም አልፎ አንድ ጣሪያ ነበር። አንድ የስታዲየም ሜዳ፣ ከዚያም የሌላው ሦስት አራተኛ በርዝመቱ ተቀጥሎበት አስቡት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ግንቡ ተራመዱ። የምትረግጡት አስፋልት የቤተ ክርስቲያኑ መሃል ነው። አንደኛው መንገድ ስሙ የኮናንት ነው። ኬኔት ኮናንት ከ1928 ጀምሮ እዚህ የቆፈረ አሜሪካዊ ሊቅ ነው፤ የሕንፃውን ቅርጽ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው በእሱ ድካም ነው።

*2. ውስጥ ግቡ።* ከ18 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ ሆኖ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነም እንዲሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ያዙ። የተረፈው የትልቁ መስቀለኛ ክፍል ደቡባዊ ክንፍ ነው። መሃሉ ላይ ቆማችሁ ቀና በሉ። ጣሪያው 30 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ይህ እንግዲህ የአንዱ ክንፍ ብቻ ነው። በየቦታው የተተከሉት ስክሪኖች የፈረሰውን በቦታው ላይ ስለው ያሳያሉ፤ ልጆች ካሉ ስክሪኑን ለነሱ ተዉላቸው።

ከዚያ ወጣ ስትሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የመነኮሳት ሕንፃ ታገኛላችሁ። አሁን የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ነው። ረጅም ግራጫ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች ብታዩ መነኮሳት እንዳይመስሏችሁ፤ ተማሪዎች ናቸው።

*3. ፋሪኒዬውን እንዳታልፉ።* ይህ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የዱቄት ጎተራ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና እዚህ ቆዩ። ላይኛው ፎቅ፣ ከትልቁ የእንጨት ጣሪያ ሥር፣ ከፈረሰው መቅደስ የዳኑ የዓምድ ጉልላቶች ተደርድረዋል። ወደ ስምንት ይሆናሉ። አንዱ ላይ አራቱ የገነት ወንዞች ተቀርጸዋል። ፊሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስ፣ ኤፍራጥስ። ግዮንን ኦሪት ዘፍጥረት «የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል» ይለዋል፤ እኛም ዓባይ ብለን ነው ያደግነው። የቡርጎኝ ጠራቢ በዚያ ዘመን ስለ ዓባይ ምን ያህል ያውቅ እንደነበር እንጃ፣ ግን ድንጋዩ ላይ አለ። ከሁሉም ጎን ዞራችሁ እዩት።

ሁለት ሌሎች ጉልላቶች ላይ ደግሞ ስምንቱ የዜማ ስልቶች እንደ ሰው ተቀርጸዋል። አንዱ ክራር መሰል መሣሪያ ይደረድራል። አንዱ ደወሎች ያንጠለጠለ ዘንግ ትከሻው ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሏል፤ ልብሱ ሲወዛወዝ የድንጋይ አይመስልም። የክሉኒ መነኩሴ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ በዜማ ነበር የሚያሳልፈው። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

*4. ቤቶቹን አንብቡ።* ከገዳሙ ወጥታችሁ ወደ መሃል ከተማ ስትሄዱ መሬት መሬት አትዩ፣ ቀና በሉ። ታች ሰፊ ቅስት ያለው ሱቅ፣ ከላይ በትናንሽ ዓምዶች የተከፋፈሉ ተደርድረው የተሠሩ መስኮቶች ካሉት የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ነው። ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ አንዱ ላይ የልብስ ማስጫ፣ አንዱ ላይ የሳተላይት ዲሽ ልታዩ ትችላላችሁ። የፈረሰው የገዳሙ ድንጋይ የት ገባ ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ናፖሊዮን በ1806 ያቋቋመውን የፈረስ ማርቢያ ግድግዳ እዩ። በገዳሙ ድንጋይ ነው የተሠራው።

ሰዓት ካላችሁ የአይብ ግንብ (ቱር ዴ ፍሮማዥ) ላይ ውጡ። ደረጃው ያስተነፍሳል፤ ግን ከሰዓት በኋላ የምትሄዱበት ሸለቆ በሙሉ ከላይ ይታያል።

ከ12፡00 እስከ 14፡00 አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። ምሳችሁን ከዚያ በፊት ግዙና ፉዌታን በሚባለው ባለ ዛፍ አደባባይ አግዳሚ ወንበር ላይ ብሉ። ጥላው የግራር ባይሆንም ያሳርፋል።

ከምሳ በኋላ፦ ወደ ሰሜን

*5. ምልክቶቹን ልመዱ።* ቢጫ መስመር የአካባቢ አጭር መንገድ ነው። ነጭና ቀይ ረጅሙ የአገር አቋራጭ መንገድ። ምልክቱ በመስቀል ከተሰረዘ «በዚህ አይደለም» ማለት ነው፤ ተመለሱ። የዛጎል ምልክት ደግሞ የመንፈሳዊ ተጓዦች ነው። ከክሉኒ ተነስተው ወደ ለ ፑዊ፣ ከዚያም ወደ ስፔኑ ሳንቲያጎ የሚሄዱት ይከተሉታል። ቆንጆ መንገድ ነው፣ ግን ወደ ደቡብ ነው የሚወስዳችሁ፤ የዛሬው ጉዟችን ሰሜን ነው።

*6. መንገዳችሁን ምረጡ።* ሁለት አማራጭ አለ።

ቀላሉ «ቯ ቬርት» ወይም አረንጓዴው መንገድ ነው። ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነስቶ አስፋልት ሆነና በ1997 ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትሩ ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ፤ በፈረንሳይ የመጀመሪያው ነው። ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ትጀምራላችሁ። እስከ ቴዜ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። የባቡር መንገድ ስለነበር ዳገት የለውም። ጋሪ የሚገፋ ወላጅም፣ ጉልበቱን የሚያመው አባትም ይሄድበታል። ቀኛችሁን ያዙ፤ ብስክሌተኞቹ ከኋላ ሹልክ ብለው ነው የሚመጡት።

ሁለተኛው፣ እግር ካላችሁ፣ በሉርናን መንደር በኩል ነው። ከክሉኒ ወደ ሰሜን ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ በቢጫው ምልክት ትሄዳላችሁ። የድንጋይ አጥር፣ ጠባብ መንገድ፣ ነጭ የሻሮሌ ከብቶች። ከብቶቹ ከጥጆቻቸው ጋር ከሆኑ በመሃላቸው አትለፉ። የከፈታችሁትን የማሳ በር መልሳችሁ ዝጉ። በዚህ በኩል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጨምርባችኋል። እኔ ግን ለዚህኛው ነው የማደላው፣ ምክንያቱም ሉርዶን አለ።

*7. ሉርዶን።* ከሉርናን በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ፍርስራሽ የክሉኒ አበምኔቶች ምሽግ ነበር። ጦርነት ሲመጣ የገዳሙ ውድ ዕቃና ሰነድ ወደዚህ ይሸሽ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሰ። ግድግዳው ስለማይታመን አትውጡበት፣ አጥር ካለም ከውጭ ሆናችሁ እዩ። ዋናው ነገር እይታው ነው። ፊታችሁን ወደ ሸለቆው መልሱ። ታች የግሮን ወንዝ፣ ወዲያ ወዲህ ማሳና ጫካ። ለመጸለይ ብቻ ለመነነ ሰው ምሽግ ለምን አስፈለገው ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ይኸው ሸለቆ ነው። ይህ ሁሉ እህል፣ ከብትና ወይን የገዳሙ ነበር፤ ንብረት ካለ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልጋል።

ከዚህ ወደ ሸለቆው ወርዳችሁ አረንጓዴው መንገድ ላይ ግቡና በማሲዪ በኩል ወደ ሰሜን ቀጥሉ። የቀረው ሜዳ ነው።

*8. ቴዜ።* መንደሩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ መጨረሻ ላይ አጭር ዳገት ትወጣላችሁ። በ1940 ሮዤ የሚባል የስዊዘርላንድ ወጣት እዚህ ቤት ገዝቶ በጦርነቱ ጊዜ አይሁድንና ሌሎች ስደተኞችን አስጠለለ። ከዚያ ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም አብረው የሚኖሩበት የወንድሞች ማኅበር ሆነ። ዛሬ ከ30 ገደማ አገሮች የመጡ ወንድሞች አሉ፤ በአውሮፓ የሙቀት ወራት ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ድንኳን ተክለው ይሰነብታሉ። ሮዤ በነሐሴ 2005 በጸሎት ላይ እያለ በስለት ተወግቶ ሞተ። መቃብሩ በመንደሩ አሮጌ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ ተራ የእንጨት መስቀል ብቻ።

ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ ነው። የመጨረሻው 20፡30 ላይ ነው። ወንበር የለም፣ መሬት ነው የሚቀመጠው፤ አጫጭር መዝሙሮች ደጋግመው ይዘምራሉ፣ መሃል ላይ ረጅም ጸጥታ አለ። ማንም መጥቶ መቀመጥ ይችላል። ስልክ ዝጉ፣ ፎቶ አታንሱ። ችግሩ፣ የማታውን ጸሎት ከጠበቃችሁ አውቶቡስ አታገኙም። ስለዚህ ወይ እዚያው በአካባቢው ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ወይም ከሰዓት መንደሩን አይታችሁ በጠዋቱ ፎቶ ባነሳችሁት ሰዓት ተመለሱ።

ያደራችሁ ከሆነ

በማግስቱ ክሉኒ ተመለሱና አረንጓዴውን መንገድ በተቃራኒው፣ ከክሉኒ ወደ ደቡብ ያዙት። ቧ ክሌር የሚባል 1.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቀድሞ የባቡር ዋሻ ታገኛላችሁ። በነሐሴም ቢሆን ውስጡ ይበርዳል፤ ጃኬቱ የተያዘው ለዚህ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል።

ከዋሻው ወዲያ ቤርዜ-ላ-ቪል ትደርሳላችሁ። አበምኔት ሁግ እርጅና ሲጫነው የሚያርፍበት የገዳሙ እርሻ ነበር። ትንሿ ቤተ ጸሎት ውስጥ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። በኖራ ተለስኖ ተረስቶ ነበር፤ በ1887 ነው ከሥሩ የተገኘው። ክርስቶስ በመሃል ተቀምጦ ለጴጥሮስ ጥቅልል ይሰጠዋል፣ ዙሪያውን ሐዋርያት። ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ፊቱ በቀጥታ ወደ እናንተ፣ መደቡ ሰማያዊ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው እዚህ ገብቶ እንግዳ አይሆንም። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ቡድን ካለ ውጭ ቆይታችሁ እስኪወጡ ጠብቁ፣ ከዚያ ብቻችሁን ግቡ። ቀዝቃዛ ወራት ላይ ስለምትዘጋ ከመሄዳችሁ በፊት የክሉኒን የቱሪስት ቢሮ ጠይቁ።